የእማዬ ቤት አይጦች

ምቴንጄ መንደር፣ ዴድዛ
ጁን 9 ቀን 1986

ለውድ ወንድም ጋሼ ሌቪሰን፣

ሰላምታዬ ድንበሩን ሁሉ ተሻግሮ ጆሃንስበርግ ድረስ ይምጣልህ። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ እግዚአብሔር በጤና ያግኝህ፤ የምትወጣበትንም የምትገባበትንም ይጠብቅልህ። እኛን ከጠየቅኸን ያለነው ደህና ነን። በቆሎው ተሰብስቦ ጎተራ ገብቷል። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ መጣብን፤ ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ጉም ዓይን አያስገልጥም።

የምጽፍልህ በቤት ጉዳይ ነው። እማዬ ቤት አይጥ ገብቷል። የምንበላው የእርሻው አይጥ እንዳይመስልህ፤ ያ ጅራቱ ረጅም የሆነው የቤቱ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ውጭ ቆሜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ሳደርግ እንደ ልባቸው ሲሯሯጡ እሰማቸዋለሁ። ነገሩ ቀላል ይሁን ከባድ እኔ መፍረድ አልቻልኩም። አንተ አይጥ ማጥፋት ሥራህ ነው፤ ፍርዱን ለአንተ ትቻለሁ።

ብቻ በወረቀት የሚፈረድ አይመስለኝም። መጥተህ በዓይንህ ብታየው ደስ ይለኛል። ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት ሞላህ። በእናታችን ቤት ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ወንድ ልጇ እንደሆነ ታውቃለህ። ባሌ መንደራችን ገብቶ የሚኖር አማች ነው፤ በዚህ ነገር አፉን አይከፍትም። እኔም ሴት ነኝና ቃሉ የእኔ አይደለም።

በሩን በልጥ አስረነዋል። ዝናብ ሳይገባ ና።

እህትህ ፋሌሲ


ጆሃንስበርግ
ጁላይ 20 ቀን 1986

ለምወድሽ እህቴ ለፋሌሲ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ለሥራ ጓደኞቼ አንብቤላቸው ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን። ሰው ለወንድሙ ስለ ሞትና ስለ ሰርግ ይጽፋል፣ አንቺ ስለ አይጥ! ግን አትፈሪ፣ ትክክለኛው ሰው ጋ ነው የጻፍሽው። አሁን ሁለት ሰው በሥሬ አለ። አለቃችን ራሱ ነገር ሲከብደው «ሌቪሰንን ጥሩልኝ» ነው የሚለው።

በእኛ ሙያ ዝም ብሎ መርዝ መበተን የለም። መጀመሪያ ይፈረዳል። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብለን እንለየዋለን። ለዚህ የሚሆኑ ጥያቄዎች በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ፤ ዐሥራ አንድ ናቸው፣ አንዱንም እንዳትዘይ። በጠጣቸው ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ የዛሬ ነው፤ ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ጥለውሽ ሄደዋል። አመድ በወንፊት ነፍተሽ ወለሉ ላይ አልብሺና ጠዋት ዱካውን እይ። በግድግዳው ሥር ቅባት የመሰለ ጥቁር መስመር ካለ መንገዳቸው እሱ ነው። በቀን ይታያሉ ወይስ ሲመሽ ብቻ? ሰባተኛዋን ጥያቄ ደግሞ በደንብ መልሺልኝ፦ ጎጇቸውን የሠሩት ከምንድን ነው? ከሣር ከሆነ ገና እንግዶች ናቸው። ከጨርቅ ወይም ከወረቀት ከሆነ ግን ከርመዋል፣ ወልደዋል፣ ቤቱን የራሳቸው አድርገውታል ማለት ነው።

ልጥ ምን ይሠራል? ልጥማ አይጥ በአንድ ቀን ይቀረጥፈዋል። ዴድዛ ወርዳችሁ የብረት ቁልፍ ግዙ እንጂ፣ ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! በሩ ከታሰረ ግን እማዬን አንቺ ቤት አምጥተሻታል ማለት ነው፤ ወድጄዋለሁ፣ ጎበዝ። ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለፈው የላክሁላትን ሰማያዊ ብርድ ልብስ ትልበሰው፣ ለእንግዳ ብላ እንዳታስቀምጠው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂብኝ። ቀኑን ሙሉ አይጥ ስገድል ውዬ ማታ የሚያምረኝ አይጥ ነው። የእኛው፣ የእርሻው፣ እማዬ ጨው ሳትሳሳ ቀቅላ ያደረቀችው፣ ከበቆሎ ገንፎው፣ ከንሲማ ጋር። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ እንደ ልማዳችን በእንጨት የተሰካ፣ አንድ እንጨት ሙሉ ላኪልኝ።

ስለ መምጣት ያልሽው ልክ ነው። አሁን ግን የመኖሪያ ወረቀቴ ሊታደስ ነው፤ ከወጣሁ ላያስገቡኝ ይችላሉ። በሚመጣው ዓመት ያለ ጥርጥር።

ወንድምሽ ሌቪሰን


ምቴንጄ
ኦገስት 24 ቀን 1986

ለወንድም ጋሼ ሌቪሰን፣

እንደምን አለህ? ያለነው ደህና ነን። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በቆሎ እየፈለፈልኩ ነበር። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ሌላ ነገር የተጻፈ እንደሆነ ብዬ የጥያቄዎቹን ወረቀት ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ።

እንግዲህ ታዘዥ ተብያለሁና ልመልስልህ። በጠጡ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ በበሩ ሥር እየተንከባለለ ውጭ ድረስ ይመጣል። አመድ ግን ማልበስ አልችልም፤ በሩ ስለማይከፈት። በስንጥቁ ነው የማየው። በቀንም ይታያሉ። በጠራራ ፀሐይ ወለሉ መሃል ቁጭ ብለው ፊታቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። በሩን ብመታው ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። የጎጇቸውን አላውቅም፤ እሱ ሲከፈት ይታያል።

ቁልፍ ግዙ ላልከው፣ ቁልፍ አጥተን አይደለም። በልጥ ነው ያሰርነው። ሽማግሌዎቹ ናቸው ያሰሩት፣ ቋጠሮውም የእነሱ ነው። እስቲ ረጋ ብለህ አስብበት።

ነገሩ ከቤታችን አልፏል። አይጦቹ ጎረቤታችን ናባንዳ ጎተራ ገብተው ለዘር ያስቀመጠችውን በቆሎ ፈጁባት። ጉድጓድ ውሃ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ያ ወንድምሽ ለነጮቹ አይጥ ይገድላል አሉ፣ ለእኛ ደግሞ ያረባልናል!» አለችኝ። እንስራዬን ተሸክሜ ተመለስኩ። የመንደሩ ሹምም «ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ካለኝ ሦስት ጊዜ ሆነው።

የመንደራችን ልጅ ቢሊያቲ ወደ እናንተ ለሥራ ይሄዳል። የደረቀ አይጥ አስይዤዋለሁ። ከአይጡ ሌላ በቃሉ የሚነግርህ ነገር አለ። እባክህ ወንድምዬ፣ ቁጭ ብለህ ስማው። ብቻህን ሆነህ ስማው።

እህትህ ፋሌሲ


ጆሃንስበርግ
ኦክቶበር 5 ቀን 1986

ለእህቴ ለፋሌሲ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥድፊያ ላይ ነኝ፤ አጭር ነው የምጽፈው። መልስሽን መርምሬ ፈርጃለሁ፦ ከባድ ነው። በቀን የሚሄድና ሰው አይቶ የማይሸሽ አይጥ ቁጥሩ ከሃምሳ አያንስም። ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ቋጠሮ ተይና ክፈቱት። ዕቃውን አውጥታችሁ ወለሉን በጭቃ ምረጉት፣ ቀዳዳውን በድንጋይ ድፈኑት። እኔ እስክመጣ ምን አስጠበቃችሁ? ለአይጥ ደግሞ የእኔ ቃል ያስፈልጋል እንዴ!

ቢሊያቲ መጥቶ ነበር። ሁለት ጊዜ መጣ። የዚህን ልጅ ነገር አውቀዋለሁ፣ ማደሪያ ፈልጎ ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ለጎረቤቴ «የለም በለው» አልኩት። በመጀመሪያው ቀን ደረጃው ላይ እስኪመሽ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፤ እኔ ደግሞ መብራት አጥፍቼ ውስጥ ተቀምጫለሁ። በሁለተኛው ጥቅሉን ለጎረቤቴ ሰጥቶ ሄደ። ያልሽው መልእክት ምን ቸኮለ፣ ከያዘው ሌላ ቀን ያመጣዋል።

አይጡን በላሁት፤ እጅሽ ይባረክ። ግን እማዬ አረጀች መሰለኝ፣ ጨው ረስታለች። የእሷ እጅ አይመስልም። ንገሪያትና ትሳቅ፤ «ልጅሽ ጨው አነሰው አለ» በያት።

መምጣቴ በሚመጣው ዓመት ነው፣ አልቀርም።

ወንድምሽ ሌቪሰን


ምቴንጄ
ኦክቶበር 30 ቀን 1986

ለሌቪሰን፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቢሊያቲን ያደረግኸውንም አንብቤያለሁ።

ጨው ያነሰው እኔ ስላደረቅሁት ነው።

ባለፈው ያልነገርኩህ አለ። አይጦቹ አሁን ጣሪያውን ትተውታል። የሚኖሩት አልጋው ላይ ነው። በስንጥቁ ሳይ ሰማያዊው ብርድ ልብስህ መሃሉ ተበስቷል፤ በቀዳዳው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ትራሱ ሥርም አሉ። ከጠዋት እስከ ማታ አይነሱም፤ የሚያስነሳቸውም የለም።

አንተ ባለሙያ ነህ። በዚህ ላይ ፍረድ።

ፋሌሲ


ጆሃንስበርግ
ኖቬምበር 21 ቀን 1986

እህቴ፣

መቼ ነው?

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን አንድ ፎቅ ላይ ተጠርተን ሄድን። አሮጌ ሴትዮ የነበሩበት ክፍል ነው። አብሮኝ የሚሠራው አዲሱ ልጅ የአልጋውን ልብስ ገለጠና «አይጥ አልጋ ላይ ይወልዳል እንዴ?» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ ለአዲስ ሰው እንደማስተምረው፣ «ሰው በሚተኛበት አልጋ አይወልድም። ወር ሁለት ወር ሰው ያልተኛበት ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ስታይ ሴትዮዋ መቼ ሞቱ ብለህ ጠይቅ» አልኩት። ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ አንቺ የጻፍሽልኝ አልጋ ዓይኔ ላይ መጣ። ያንን ብርድ ልብስ፣ ያንን ትራስ አየሁት። ልጁ ውሃ አመጣልኝ።

ልጡም የዚያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አያታችን የሞተች ጊዜ በሯን በልጥ ሲያስሩት እኔ ነበርኩ ልጡን ከዛፉ የላጥኩት። እንዴት ረሳሁት? ስለ ቁልፍ ጻፍኩልሽ። ኋላ ቀርነት አልኩሽ።

ቢሊያቲን አራት ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ሲያየኝ ቆቡን አወለቀና «ጋሼ፣ ደረጃዎ ላይ ሆኜ መብራቱ ሲጠፋ አይቻለሁ» አለኝ። መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን፤ እሱ ከእኔ ይበልጥ አለቀሰ።

ለምን እንዲህ አደረግሽኝ ፋሌሲ? አምስት ወር ስለ አይጥ አጻፍሽኝ። አንዲት ቃል፣ «እማዬ አረፈች» ማለት ምን ነበረበት? ስስቅ ዝም ብለሽ አየሽኝ። ሳሚልኝ ስል ዝም አልሽ። ይህንንስ ይቅር የሚልሽ ማን ነው?

ቤቱን እንዳትከፍቱት። ባለፈው ክፈቱ ያልኩትን ተዉት። ቃሉን የምናገረው፣ ልጡንም የምፈታው እኔ ነኝ። ወረቀቴ ማርች ላይ ይታደሳል። በሚመጣው ዓመት ኤፕሪል ላይ እመጣለሁ። ጠብቁኝ።

ሌቪሰን


ምቴንጄ
ጃንዋሪ 4 ቀን 1987

ለሌቪሰን፣

መቼ ብለህ ጠይቀሃል። ኤፕሪል 17 ነው፣ ጠዋት፣ በቆሎ ልንሰብር ስንወጣ። ከገና ጀምሮ ደረቷን ያማት ነበር። እሱንም ጽፌልህ ነበር፤ «የብርድ ነው፣ ይተዋታል» ብለህ መለስክ።

ለምን በወረቀት አልነገርሽኝም ትለኛለህ። እኛ ዘንድ መርዶ በወረቀት እንደማይላክ ጠፍቶህ ነው? መርዶ ሰው ይዞት ይመጣል፤ አጠገብህ ይቀመጣል፤ ስትወድቅ ይይዝሃል። የሚይዝህን ሰው ላክሁልህ፣ አንተ መብራት አጥፍተህ ደረጃ ላይ አስቀመጥከው። እሱ እስኪሄድ ድረስ ደግሞ እኔ ያየሁትን ሁሉ ጽፌልሃለሁ። የዋሸሁህ ነገር ካለ ደብዳቤዎቼን አውጣና አሳየኝ። እማዬ ደህና ናት አልኩህ? ያለነው ደህና ነን አልኩህ እንጂ ሁላችንም ደህና ነን አልኩህ? በሩን በልጥ አሰርነው አልኩህ። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ፣ አጥንቷን ቆፍሬ ልላክልህ?

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ከሁለተኛው ደብዳቤህ በኋላ ልቤ ክፉ ሆነ። ዐሥራ አንድ ጥያቄ ጠየቅኸኝ፣ ዐሥራ አንዱም ስለ አይጥ። በጠጡን እንኳ ለስላሳ ነው ደረቅ ብለህ ጠየቅህ። እማዬ ትበላለች ወይ፣ ትተኛለች ወይ የሚል አንድ ጠፋ። ሳሚልኝ ማለትስ ጥያቄ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። እስቲ በሚቀጥለው ይጠይቅ ይሆን እያልኩ ጠበቅሁህ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ወስጄዋለሁ።

ጠብቁኝ ያልከው ደብዳቤ የደረሰኝ ከገና በፊት ባለው ሰኞ ነው። ዝናቡ ግን ከአንተ ቀድሞ መጥቷል። አይጦቹ የጣሪያውን ሣር ቦርቡረውት ስለነበር በሁለተኛው ዝናብ የምሥራቁ ወገን ተደረመሰ። ሹሙ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። «ወንድ ልጇ የለም፣ ምን ይደረግ?» ተባለ። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። ሽማግሌዎቹም መሬት መሬቱን ያያሉ። የሚናገር ሲጠፋ ማጭድ ይዤ ተነሣሁ። «እማዬ፣ ቤትሽን ልንጠርግልሽ ነው፣ አትቆጪን» ብዬ ልጡን ቆረጥኩት። ሴት ልጥ ስትቆርጥ ይህ መንደር አይቶ አያውቅም። አንዱም አልከለከለኝም። ናባንዳ ብቻ «እሰይ!» ብላ አለቀሰች።

ስድሳ ሦስት አይጥ ገደልን። ሃምሳ ብለህ ነበር፤ ሙያህ ብዙም አላሳሳተህም። አልጋውን አውጥተን አቃጠልነው። ብርድ ልብስህን ለብሳዋለች፣ ለእንግዳ አላስቀመጠችውም፤ ይህን እንድታውቅ ብዬ ነው። ለቅሶው አብቅቷል፣ ጸጉራችንን ተላጭተናል፣ የማብቂያው ጠላ ተጠምቆ ተጠጥቷል። ኤፕሪል ላይ ብትመጣ የምትፈታው ቋጠሮ የለም። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም።

ሰባተኛዋን ጥያቄህን ሲከፈት ይታያል ብዬህ ነበር። ታይቷል። ጎጇቸውን የሠሩት ከወረቀት ነው። የዘጠኝ ዓመት ደብዳቤዎችህን እማዬ ትራሷ ሥር ነበር የምታኖራቸው። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነብላታለሁ፤ ስጨርስ «መቼ ነው ያለው?» ትለኛለች፣ እነግራታለሁ፣ አጥፋ ትመልሰዋለች። አይጦቹ እሱን ነው ያኘኩት። በዚያ ላይ ሰባት ዓይናቸው ያልተገለጠ ልጆች ተኝተው አገኘሁ።

ሳይታኘክ የተረፈች አንዲት ቁራጭ አለች። ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ እጅህን ታውቀዋለህ። «በሚመጣው ዓመት» ትላለች። ከየትኛው ደብዳቤ እንደሆነች ግን መለየት አልቻልኩም፤ ሁሉም ላይ ነበረች።

ያለነው ደህና ነን።

ፋሌሲ